ሊኑክስ ሰርቨር ከመከራየታችሁ በፊት ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሙከራ ትንሽ ሰርቨር፣ ማለትም ሁልጊዜ በርቶ በኢንተርኔት የሚገኝ ኮምፒውተር፣ ተከራየሁ። ሥራዬን ስጨርስ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠሁና ጠፋ። «በቃ ተገላገልኩ» ብዬ ረሳሁት። በሦስተኛው ወር የባንክ መልእክቶቼን ሳይ፣ ለካ ሰርቨሩ ቁጭ ብሎ እየበላኝ ነው። ለድርጅቱ ብጽፍ መልሱ አጭር ነበር፦ የጠፋ ሰርቨርም ዲስክና የኢንተርኔት አድራሻ ይዟል፣ ሒሳቡ የሚቆመው ሲሰረዝ ነው። ውሉ ላይ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ገንዘቡ የሚያስለቅስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ልማድ ያዝኩ። ካርዴን ከማስገባቴ በፊት የወሩን ሒሳብ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥርና ከካርድ የሚቆረጠው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ከታች ያለው እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው።

ቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች በ2025 አካባቢ የነበሩ ናቸው፤ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። ዋጋ ይለዋወጣል፤ የስሌቱን መንገድ ያዙና ቁጥሩን ከድርጅቱ ገጽ ውሰዱ።

1. መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ራሙ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከዋጋ ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ ደግሞ ያዞራል። አማዞን ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠሩ የሰርቨር ዓይነቶች አሉት። ስለዚህ ገጹን ዝጉትና ሰርቨሩ ላይ የሚሠራውን እያንዳንዱን ፕሮግራም ወረቀት ላይ ጻፉ።

ለትንሽ ሥራ ወሳኙ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚይዙት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ነው። ሲፒዩ (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ካነሰ ሥራው ይዘገያል። ራም ካለቀ ግን ሥራው ይሞታል።

የእኔ ግምት እንዲህ ነው። በፓይተን የተጻፈ፣ ትእዛዝ የሚቀበል ተራ የቴሌግራም ቦት 512 ሜጋባይት ይበቃዋል። ዌብሳይት መሥሪያው ዎርድፕሬስ ከነዳታቤዙ (መረጃውን ከሚይዘው ፕሮግራም ጋር) በ1 ጊጋባይት ይሠራል፣ ግን እየተጨናነቀ ነው፤ 2 ጊጋባይት ሲያገኝ ይተነፍሳል። በጃቫ የተጻፈ ሲስተም ፖስትግሬስ ከሚባለው ዳታቤዝ ጋር ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በታች አታስቡ።

አንድ ወዳጄ ለእህቱ የቅመማ ቅመም ሱቅ ዌብሳይት ሠርቶላት ነበር፣ 1 ጊጋባይት ላይ። ቀን ቀን ደህና ነው። ጠዋት ስትከፍተው ግን ገጹ «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም» እያለ ይጠብቃታል። አንድ ቀን አብረን ቁጭ ብለን የሲስተሙን መዝገብ ከፈትን። «አውት ኦፍ ሜሞሪ» (ራም አለቀ) የሚል መስመር ተደርድሯል፣ ሁሉም ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ። ነገሩ ገባን። በዚያ ሰዓት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የሚይዘው ፕሮግራም ይነሳል፣ ራሙ ያልቃል፣ ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ ደግሞ ሲጨንቀው ብዙ ራም የያዘውን ፈልጎ ይገድላል። ያ የዌብሳይቱ ዳታቤዝ፣ ማይኤስኪውኤል ነው። 2 ጊጋባይት የስዋፕ ፋይል (ራም ሲያልቅ የሚያግዝ ቦታ) ሠራንለት፣ ችግሩ ቆመ። ስዋፕ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም ለሌሊት ግርግር ይበቃል፣ ተጨማሪ ክፍያም የለውም።

2. መብራትና ውኃን ጨምሮ ወይስ በቆጣሪ?

የክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር፣ ገበያው እንደ ቤት ኪራይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መብራትና ውኃን ጨምሮ በወር ይህን ያህል የሚል አከራይ ነው። ዲጂታል ኦሽን፣ ሊኖድ፣ ቨልተር፣ የጀርመኑ ሄትዝነር እዚህ ይመደባሉ። ራሙ፣ ዲስኩና የተወሰነ የዳታ መጠን በአንድ ዋጋ ይታሰራሉ። ሊኖድ ከ2003 ጀምሮ ይህን ሲሠራ ቆይቶ በ2022 አካማይ ገዝቶታል።

ሁለተኛው ለሁሉም ነገር የየራሱ ቆጣሪ ያለው አከራይ ነው። አማዞን፣ የማይክሮሶፍቱ አዙርና ጉግል ክላውድ እንዲህ ናቸው። ሰርቨሩ በሰዓት ወይም በሰከንድ ይቆጠራል። ዲስኩ ለብቻው፣ አድራሻው ለብቻው፣ የሚወጣው ዳታም ለብቻው። ይህ ክፋት አይደለም። ለአንድ ቀን ትልቅ ማሽን ተጠቅሞ ለሚመልስ ኩባንያ ቆጣሪው ያዋጣዋል። ለአንድ ዌብሳይትና ለአንድ ቦት ግን ራስ ምታት ነው።

የመጀመሪያ ሰርቨራችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው ሰፈር ተከራዩ። «አማዞንን መልመድ እፈልጋለሁ» የሚል ካለ ላይትሴይልን ይሞክር። እዚያው አማዞን ውስጥ ያለ፣ ግን በወር አንድ ዋጋ የሚከፈልበት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በብር መክፈል የሚፈልግ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮምን ቴሌክላውድ ያነጻጽር። የውጭ ምንዛሪ ጣጣ አለመኖሩ ብቻውን ዋጋ አለው።

3. ሊኑክሱ ራሱ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ምረጡ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ በኪራዩ ላይ ምንም አይጨምሩም። በ2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 ድረስ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ሬድ ሃት የሚባለውን ሊኑክስ ከመረጣችሁ አብዛኞቹ ድርጅቶች ላይ የፈቃድ ክፍያ በሰዓት ይታከላል፣ ዊንዶውስም እንደዚያው። የድሮ መመሪያ አንብባችሁ ሴንቶስ 7 ፍለጋ እንዳትሄዱ። ድጋፉ ሰኔ 2024 ላይ አብቅቷል። የሬድ ሃትንና የሴንቶስን ቤተሰብ የለመደ ሰው አልማሊኑክስን ወይም ሮኪን ይውሰድ።

4. ሲፒዩ፦ የጋራ ወይስ የግል

ርካሾቹ ሰርቨሮች ሲፒዩን ከጎረቤት ጋር ይጋራሉ። ለዌብሳይት ችግር የለውም። ጎረቤታችሁ ተስገብግቦ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሰርቨሩ ላይ «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡና የሲፒዩውን መስመር መጨረሻ እዩ። «ኤስቲ» የሚል ቁጥር አለ። የእናንተን ተራ ሌላው የወሰደበትን መቶኛ ያሳያል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ተመስገን። ቀኑን ሙሉ ከ10 በላይ ከሆነ ሰርቨሩን ሰርዛችሁ አዲስ አንሱ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ማሽን ላይ ትወድቃላችሁ።

የአማዞን «ቲ» የሚባለው የሰርቨር ቤተሰብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቲ3 ማይክሮ 2 ሲፒዩ አለው ይባላል። በዘላቂነት ልትጠቀሙበት የምትችሉት ግን የእያንዳንዱን 10 በመቶ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ነጥብ ያጠራቅማል፣ ሥራ ሲበዛ ይመነዝራል። ነጥቡ ሲያልቅ ካልነካካችሁት በስተቀር ሥራውን ይቀጥልና ትርፉን በሲፒዩ ሰዓት 5 ሴንት ያስከፍላል። ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ የሚቀይር ሰው ሳያውቀው ሒሳብ ያስቆጥራል።

5. ቦታው የት ይሁን?

ለተጠቃሚዎቻችሁ ቅርብ የሆነውን ምረጡ፣ ለእናንተ አይደለም። እናንተ ስቶክሆልም ሆናችሁ ደንበኞቻችሁ ዋሽንግተን አካባቢ ከሆኑ ሰርቨሩ ቨርጂኒያ ይሁን። እስራኤል ላለ ተጠቃሚ ጉግል በ2022፣ አማዞን በ2023 ቴል አቪቭ አካባቢ የሰርቨር ማዕከል ከፍተዋል። ለባሕረ ሰላጤው አማዞን ከ2019 ጀምሮ ባሕሬን፣ ከ2022 ጀምሮ ኤምሬትስ አለ።

ለአዲስ አበባ ተጠቃሚ ጉዳዩ ያወዛግባል። ካርታ ያየ ሰው «ደቡብ አፍሪካ አህጉራችን ነው፣ ይቀርባል» ይላል። ኢንተርኔት ግን በካርታ አይሄድም፣ በኬብል ነው የሚሄደው። ከጅቡቲ በቀይ ባሕር ወደ አውሮፓ የሚወጣው መንገድ ብዙ ጊዜ ይቀልላል። ስለዚህ አትገምቱ፣ ለኩ። አብዛኞቹ ድርጅቶች በየከተማው የፍጥነት መሞከሪያ ገጽ አላቸው። ደንበኞቻችሁ በሚጠቀሙበት ኔትወርክ፣ በሞባይል ዳታም ጭምር፣ ጠዋትና ማታ ወደ ፍራንክፈርትና ወደ ጆሃንስበርግ ፒንግ አድርጉ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ ነው)። ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል።

መቼም ይህ አይረሳኝም፦ በ2006 የወጣውን የአማዞንን የኪራይ ሰርቨር፣ ኢሲ2ን፣ የሠራው ቡድን ኬፕታውን ነበር የሚቀመጠው። አማዞን ኬፕታውን ላይ ማዕከል የከፈተው ግን በ2020 ነው። እዚያም ቢሆን ከቨርጂኒያ ይወደዳል። ወደ ውጭ የሚወጣ አንድ ጊጋባይት 15 ሴንት ገደማ ነው።

6. አሁን እስክሪብቶ አንሱ

ሁለት ሰርቨሮችን እናነጻጽር። ሁለቱም 1 ጊጋባይት ራም አላቸው፣ ሁለቱም ሊኑክስ ናቸው፣ ሁለቱም ቀንና ሌሊት ይሠራሉ።

የመጀመሪያው የአማዞን ቲ3 ማይክሮ ነው፣ ቨርጂኒያ ላይ። በሰዓት 0.0104 ዶላር ይላል። አንድ ሳንቲም ምን አላት? አንድ ወር 730 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 7.59 ዶላር ይመጣል። አላለቀም። 20 ጊጋባይት ዲስክ በጊጋባይት 8 ሴንት፣ 1.60 ዶላር። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ደግሞ አማዞን ለእያንዳንዱ የአይፒቪ4 አድራሻ (የተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ) በሰዓት ግማሽ ሴንት ያስከፍላል፣ በወር 3.65 ዶላር። ድምር 12.84። ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት አንድ ሴንት እዚህ ደርሷል።

ቀጥሎ የሚወጣው ዳታ አለ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚገባ ዳታ አይከፈልበትም። ከሰርቨሩ ወደ ሰው ስልክ የሚወጣው ነው የሚቆጠረው። ዌብሳይታችሁ ላይ 100 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ቪዲዮ አስቀመጣችሁ እንበል። በወር 3,000 ጊዜ ከወረደ 300 ጊጋባይት ነው። አማዞን 100 ጊጋባይቱን ይምራል። የቀረው 200 በ9 ሴንት 18 ዶላር ይሆናል። የወሩ ሒሳብ 30.84 ዶላር ደረሰ። ዳታው ከሰርቨሩ በለጠ!

ሁለተኛው የዲጂታል ኦሽን የ6 ዶላሩ ነው። 25 ጊጋባይት ዲስክ፣ አንድ አድራሻና 1,000 ጊጋባይት የሚወጣ ዳታ በውስጡ አለ። ያው ቪዲዮ ያው 3,000 ጊዜ ቢወርድ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ሳምንታዊ ባክአፕ ካበራችሁ የኪራዩ 20 በመቶ ይታከላል፣ ጠቅላላው 7.20 ዶላር። በቃ።

ከዚህ ተነስታችሁ አማዞን ዘራፊ ነው እንዳትሉ። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ተቀምጦ ገጹ ላይ ቢታይ የ18 ዶላሯ መስመር ትጠፋለች። ቁም ነገሩ ወረቀታችሁ ላይ አምስት መስመር መኖሩ ነው፦ ሰርቨር፣ ዲስክ፣ አድራሻ፣ የሚወጣ ዳታ፣ ባክአፕ። አውሮፓ ያላችሁ ስድስተኛ መስመር ጨምሩ፣ ታክስ። ጀርመን 19፣ ስዊድን 25 በመቶ ነው፤ ያያችሁት ዋጋ ታክሱን መያዝ አለመያዙን አጣሩ።

ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት ቃል ብትገቡ ትልልቆቹ ድርጅቶች ቅናሽ ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ወር አትንኩት። ስንት ራም እንደሚበቃችሁ ገና አላወቃችሁም። ስፖት የሚባለው የትርፍ ማሽን ኪራይም አለ፣ እስከ 90 በመቶ ይቀንሳል። አማዞን ግን ማሽኑን ሲፈልገው የሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይወስደዋል። ለሱቅ ዌብሳይት አይሆንም።

7. ነፃ የሚባለው

ነፃው ለመማሪያ ጥሩ ነው። ጉግል አንድ በጣም ትንሽ ሰርቨር ከ30 ጊጋባይት ዲስክ ጋር ይሰጣል፣ ያውም አሜሪካ ባሉ ሦስት ቦታዎች ብቻ። የሚወጣው ነፃ ዳታ በወር 1 ጊጋባይት ነው፤ ፎቶ ያለበት ዌብሳይት ቶሎ ይጨርሰዋል። አማዞን ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለአዲስ ደንበኛ 100 ዶላር ክሬዲት ይሰጣል፣ የተወሰኑ ሥራዎችን ለሞከረ እስከ 100 ተጨማሪ። ነፃው ዕቅድ ቢበዛ ስድስት ወር ነው። ኦራክል «ሁልጊዜ ነፃ» የሚለው አለው፣ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰርቨር ግን መልሶ ሊወስድ ይችላል። ደንበኛ የሚጠብቀውን ነገር ነፃ ሰርቨር ላይ አላስቀምጥም።

8. ካርዱ

አብዛኞቹ ለነፃውም ጭምር ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ ያለ ሰው ውጭ አገር ያለ ዘመዱን ካርድ መለመኑ የታወቀ ነው። ከሆነ በአግባቡ ይሁን። ባለካርዱ በራሱ ስምና ኢሜይል ይክፈተው፣ ከዚያ እናንተን የቡድን አባል አድርጎ ያስገባችሁ። የይለፍ ቃል በቴሌግራም መቀባበል ይቅር። ስትመዘገቡም ቪፒኤን አጥፉ። ካርዱ ከአንድ አገር፣ ግንኙነቱ ከሌላ አገር ሲመጣ ሲስተሙ ሌባ ነው ብሎ ይዘጋል።

ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነ ሰው ደግሞ ትርፍ ቦታ ይተው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። የ6 ዶላሯ ሰርቨር 342 ብር ማለት ነው። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ሲያልፍ ያቺው ሰርቨር ከ600 ብር በላይ ሆነች። ለደንበኛ «በዓመት ይህን ያህል ብር» ብሎ ውል የፈረመ ልጅ ያኔ ከኪሱ ሞልቷል።

ካርዱ እንደገባ ወዲያው የበጀት ማስጠንቀቂያ አዘጋጁ። የወረቀቱን ድምር ጻፉ፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ኢሜይል ይምጣ። ማስጠንቀቂያው ኢሜይል ይልካል እንጂ በራሱ ሰርቨሩን አያቆምም።

9. ሰርቨሩን ማንሳት

እዚህ ስትደርሱ ሥራው የአሥር ደቂቃ ነው። ከተማውን፣ ኡቡንቱን፣ መጠኑን ምረጡ። መግቢያው በይለፍ ቃል ሳይሆን በኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተራችሁ ላይ በሚቀመጥ የመግቢያ ፋይል) ይሁን። አዲስ ሰርቨር ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ የይለፍ ቃል የሚገምቱ ሮቦቶች በሩን ማንኳኳት ይጀምራሉ፤ የመግቢያ መዝገቡን ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለውን) ከድርጅቱ ገጽ ላይ አብሩና ፖርት ከሚባሉት በሮች 22 (ለእናንተ መግቢያ)፣ 80 እና 443 (ለዌብሳይት) ብቻ ክፍት ይሁኑ። ዌብሳይት የሌለው፣ መልእክቱን ራሱ ከቴሌግራም እየጠየቀ የሚያመጣ ቦት ከሆነ 22 ብቻውን ይበቃል።

ስትመርጡ ትንሹን ውሰዱ። ማሳደግ ቀላል ነው፣ መቀነስ ግን ሁልጊዜ አይቻልም። ዲጂታል ኦሽን ላይ ራምና ሲፒዩ ብቻ ካሳደጋችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ዲስኩ አንዴ ካደገ አይቀንስም።

10. ከሁለት ሳምንት በኋላ

ተመልሳችሁ ግቡ። «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ማየት ያለባችሁ «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ነው፣ «ፍሪ» የሚለውን አይደለም። ሊኑክስ ባዶ ራም አይወድም፤ የተረፈውን ለፋይል ማፍጠኛ ስለሚይዘው «ፍሪ» ሁልጊዜ ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ደንግጦ ሳያስፈልገው ትልቅ ሰርቨር ይገዛል። «አቬይለብል» ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ከሩብ በላይ ከሆነ እዚያው ቆዩ። ቀጥሎ የሒሳብ ገጹን ክፈቱና ከወረቀታችሁ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። ወረቀቱ ላይ የሌለ መስመር ካለ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትዝጉት።

ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ከእኔ ተማሩ። መጀመሪያ ዳታውን ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ፣ ፋይሉም እንደሚከፈት እዩ። ከዚያ ከድርጅቱ ገጽ ላይ «ሰርዝ» የሚለውን ተጫኑ። ከተሰረዘ በኋላ ሦስት ቦታ ፈልጉ፦ ብቻውን የቀረ ዲስክ፣ ማንም የማይጠቀምበት አድራሻና የድሮ ስናፕሾት (የዲስክ ቅጂ)። ሦስቱም ሰርቨሩ ከሞተ በኋላ ሒሳብ ይቆጥራሉ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የባንክ መልእክታችሁን አንድ ጊዜ እዩ።